ጀርባህን ለካሳው ማሳ ሰጥተህ ያበረርከው ካይት

ይድረስ ለወንድሜ ለሙዓዊያ፣ ዱባይ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ሰላምታ መንፈግ በዲናችን ስለማይፈቀድ ሙሉውን ጽፌዋለሁ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህን ተሻለህ? እዚያ ያለው ሙቀት በረደ ወይስ እንደነደደ ነው? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ? አብረውህ የሚያድሩት ልጆች ሰላም ናቸው? ይህን ሁሉ የምትጠይቅህ እማ ናት፤ አጠገቤ ተቀምጣ እየነገረችኝ ነው የምጽፈው። እኔ ከራሴ የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱን ወደ ኋላ ታገኘዋለህ።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማ የግራ ዓይኗ ሞራ ከተገፈፈላት ወዲህ ከማጀት ሆና በር ላይ የቆመውን ሰው ትለያለች። ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃው ወንድ ነው። ባለቤቴ ሙህዲን እንደምታውቀው ነው፤ ካልጠየቁት አይናገርም። ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩህ አንተ ስትጮህ እኔ ስለምዘጋው ነው። ወረቀት ላይ ማንም ማንንም አያቋርጥም። የሀጀራ ልጅ ረዲ ፈቃዱን ጨርሷል። መንገዱ እንደተከፈተ ወደዚያ ስለሚመለስ ደብዳቤውን ለእሱ እሰጠዋለሁ።

ባለፈው ስትደውል ሁለት ነገር ብለኸኛል። ጎረቤታችን ካሳው የካይቴን ክር ቆርጧልና ክሰሺው አልክ። ቀጥለህም ማሽላዬን ማን አሳጨደው ብለህ ጮህክ። ለሁለቱም መልስ አለኝ። ካሳውን አልከስም። ማሽላህን ያሳጨድኩት እኔ ነኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን ማንበብ ካልፈለግክ ወረቀቱን እዚህ ላይ ማጠፍ ትችላለህ፤ ግን ካይትህ አሁን የት እንዳለ የጻፍኩት መጨረሻው አካባቢ ነው።

ግሪሳ እንዴት እንደሚጠበቅ አባታችን ወንጭፍ እያስያዘ ያስተማረህ ነገር ነው። የረሳኸው ስለመሰለኝ እደግመዋለሁ። ማሽላው ወተት ከያዘ ጀምሮ ፍሬው እስኪጠነክር ሁሉም ማማው ላይ ይወጣል። ብቻውን ግን ማንም ወፍ አያነሳም። ከመንገዱ በኩል ያለው ሲጮህ ቀጣዩ ይቀበለዋል፣ እሱም ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ መንጋው ከማሳ ማሳ እየተገፋ ጎሊና ወንዝ አሸዋ ላይ እስኪወጣ ጅራፉ አይቋረጥም። ብቻውን ያነሳ ሰው ወፉን ለጎረቤቱ ሰጠው እንጂ አላባረረውም። እሁድ እነ ካሳው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እኛ ማማቸው ላይ የምንወጣው፣ ጁምዓ እኛ መስጊድና ዱዓ ስንሄድ እነሱ የኛን የሚይዙት ለዚህ ነው። አባታችንና የካሳው አባት ከአባቶቻቸው የተቀበሉት ነገር ነው። አንድ ማማ ባዶ ከሆነ መስመሩ ሁሉ ባዶ ነው።

አንተ የመጣኸው ማሽላው ወተት ሊይዝ ሲል ነበር። ከሻንጣህ መጀመሪያ የወጣው ያ ካይት ነው፤ ለእማ ያመጣኸው ሻርፕ ከሥሩ ነበር። ቀይና ጥቁር ጨርቅ፣ እንደ ሸምበቆ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ጥቁር ዘንጎች፣ ሁለት እጀታ፣ ከእያንዳንዱ እጀታ ከላይና ከታች የሚነሱ ሁለት ሁለት ክሮች። ልጆች ከፌስታል የሚሠሩት ባለ አንድ ክሩ ነፋስ ወደ ወሰደው ይሄዳል፤ ይህ ግን ባለ አራት ክር ስለሆነ የሚሄደው እኔ ወዳልኩት ነው አልከን። እውነትህን ነበር። የላዮቹን ክሮች ስትስብ ሽቅብ ይወጣል፤ የታችኞቹን ስትስብ የኋሊት ይመለሳል፤ አንዱን እጅ ገፍተህ ሌላውን ስትስብ ባለበት ይሽከረከራል። በአንድ ጫፉ መሬት ነክቶ ቆሞ እንደገና ይነሳል። ከሁሉም የገረመን አየር ላይ ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው፤ ጭልፊት ልትወርድ ስትል እንደምትቆመው።

መጀመሪያ ከግቢው በላይ ያቆምከው ቀን እማ አልጋ ሥር ገባች። የአስር ሰላት እስኪደርስ አልወጣችም። በጦርነቱ ጊዜ ከላይ የሚያንዣብብ ነገር ለዚህ አገር ሰው ምን እንደነበር አንተ አታውቅም፤ ያኔ አልነበርክም። በዚህ አልወቅስህም። ግን እማ አልጋ ሥር ሆና አንተ ደጅ ላይ ስትስቅ ጎረቤት ሰምቷል።

ከዚያም ማንም እንዳይነካው አልክ። ጥጉ ላይ ስምህን በነጭ ቀለም ጻፍክ። እርጥብ ሆኖ አይታጠፍም፣ አሸዋ አይንካው፣ ክሮቹ እኩል ካልሆኑ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል እያልክ ከበሩ ምሰሶ ጋር አስረህ ስትለካቸው ትውል ነበር። እኔ የማስፈልግህ ከመሬት ሲነሳ ጨርቁን ይዤ እንድቆምልህ ብቻ ነበር። «ልቀቂው» ስትል እለቃለሁ፤ «ከፊቱ ዞር በይ» ስትል እዞራለሁ። ታላቅህ መሆኔን በዚያ ሰሞን አላነሳሁብህም። ቆሜ ሳይ ግን እጅህ ምን እንደሚሠራ እያየሁ ነበር።

ወደዚያ እሁድ ልምጣ። ካሳውና ሚስቱ አስረሳሽ ቤት ዘግተው ለአባቷ ተዝካር ጎብዬ ሊወርዱ ነበር። ሙህዲን ፍየል ሊሸጥ ዋጃ ሄዷል። የዓይን ሐኪሞቹ ደግሞ ቆቦ የሚቆዩት እስከዚያ ቀን ብቻ ስለነበር እማን ይዤ መሄድ ነበረብኝ። እቀራለሁ ብዬህ ነበር። አንተ ነህ «ሂጂ፤ ሁለቱንም ማሳ እኔ እይዛለሁ፤ ይህ ጭልፊት እያለ የምን ወንጭፍ ነው» ያልከኝ። ካሳው ሲሰናበትህ አደራ አለህ። እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ «በኔ ጣለው» አልከው። ይህን አልሰማሁም እንዳትለኝ፤ መሀላችሁ ቆሜ ነበር።

ከቆቦ ተመልሰን ከመኪና ስንወርድ መንገዱ ዳር ሰው ተሰብስቧል። የባጃጅ ልጆች ሥራቸውን ትተው ያጨበጭባሉ። ካይቱ በኛ ማሳ ላይ ይጨፍራል። በእውነት እኛ ማሳ ላይ አንድ ወፍ አልነበረም። ቀጥሎ የካሳውን ማሳ አየሁ። ቀለሙ ተለውጧል። ግሪሳው ዛላው ላይ ተደፍቶ አገዳው ጎንብሷል። እማን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ። እስክደርስ ድረስ አልዞርክም። ብትዞር ይወድቃላ። ካይት የሚያበር ሰው ነፋሱን በጀርባው፣ ካይቱን በፊቱ አድርጎ ነው የሚቆመው። ነፋሱ ከዞብል በኩል ነው። የካሳው ማሳም ከዞብል በኩል ነው። ወፉን ከኛ እያስነሳህ በራስህ ላይ አሳልፈህ ለካሳው ስትልክ ዋልክ፤ ሰማዩ ከፊትህ ባዶ ስለነበር የጠበቅክ መሰለህ።

ስነግርህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ። አሁን አረፉ እንጂ ቅድም አልነበሩም አልክ። ከዚያም ክርህን በእርጋታ ጠቀለልክ። እኔ እስኪመሽ ጅራፍ ሳጮህ አንተ ሻንጣ ታዘጋጅ ነበር። ሰኞ ጠዋት ካሳው ሳይመለስ፣ ካይቱን ስመጣ አገኘዋለሁ ብለህ እኔ ጋ ትተህ ተሳፈርክ።

ቅድም አልነበሩም ላልከው መልሱ አንተው የለቀቅከው ቪዲዮ ነው። የባጃጁ ልጅ ከፊትህ ሆኖ ነው የቀረጸህ። አንተ ትስቃለህ፣ እጅህ እንደ ሸማኔ ይሄዳል፣ ጥላህ እግርህ ሥር ነው፤ ከኋላህ ግሪሳው እንደ ደመና እየወረደ የካሳው ማሽላ ላይ ይገባል። እኛ ከቆቦ ከመመለሳችን ብዙ በፊት ነው። በላዩ ላይ ዘፈን ጨምረህበታል። እሁድ ማታ ጎብዬ ተዝካሩ ላይ አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ «የእናንተ ሰፈር ልጅ ነው አሉ፤ እስቲ እየው» ብሎ ለካሳው አሳየው። ካሳው አንተን አላየም። ያ የኔ ማሳ ነው አለና ከመአዱ ተነሳ።

አሁን የኔን ጥያቄ ልጠይቅህ። ያን ቀን ሙሉ አንዴ እንኳ ዞር ብለህ አይተህ ነበር? አላየሁም ካልክ ሞኝ ነህ፤ ከሞኝ ጋር መኖር ለምደናል። አይቼ ነበር፣ ሰው እያጨበጨበልኝ ማውረድ አልፈለግኩም ካልክ ግን ሌላ ነገር ነው። መልሱን ጽፈህ ላክልኝ። በስልክ አልቀበልም።

ክሩ እንዴት እንደተቆረጠ ደግሞ ሰዎች እንደነገሩህ አይደለም። ማክሰኞ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ካይትህን ይዤ ካሳው ማሳ ላይ ወጣሁ። ከተበላው የተረፈ ነበር፤ እሱን እንኳ ልጠብቅለት ብዬ ነው። ጨርቁን የሚይዝልኝ ስላልነበረ ከአገዳ ጋር አስደግፌ አቆምኩት። ደጋግሞ በአፍጢሙ ተተከለ። በኋላ እጄ ለመደ። የታችኞቹን ክሮች በመጠኑ ሳብ አድርጌ ያዝኩና እንደ ጭልፊት ቆመልኝ። ወፍ ድርሽ አላለም። አልዋሽህም፣ ጥሩ ዕቃ ነው። እያየሁ የቆምኩት ግን እየተዟዟርኩ ነበር፤ ሲወድቅ እንደገና አነሳዋለሁ።

ካሳው ማጭድ ይዞ መጣ። የወንድምሽን መጫወቻ እኔ ማሳ ላይ ደግሞ አመጣሽው ወይ አለኝ። እየጠበቅኩልህ ነው አልኩት። «እሁድ ነበር መጠበቅ፤ ዛሬማ ራሴም አለሁ» አለ። ከዚያ ከእጄ ፊት ለፊት አራቱን ክሮች በአንድ እጁ ጨብጦ በማጭዱ ሳብ አደረጋቸው። ካይቱ ተንከባሎ ጎሊና አሸዋ ላይ ወደቀ፤ አንዱ ዘንግ ተሰበረ። እኔ ሁለቱን እጀታዎች ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አስረሳሽ ከወሰኑ ላይ ሆና «ወንድምሽ ለወፍ ድግስ ጠርቶ የኛን ማጀት ከፈተላቸው» አለችኝ። እንደ እሷ ብሆን ከዚህ የባሰ እናገር ነበር።

ጁምዓ ደረሰ። ሙህዲን መስጊድ ሄደ፣ እኔ ከዱዓ ቀርቼ ማማ ላይ ወጣሁ። ከካሳው በኩል ጅራፍ አልጮኸም። ከካሳው ወዲያ ያሉትም እሱን አይተው ዝም አሉ። መስመሩ ተቆረጠ። ወፉ ከየት እንደሚመጣ ሳላውቅ ብቻዬን ስጮህ ዋልኩና ድምፄ ተዘጋ። ከመንገዱ በኩል ያለውን ጥግ ጨረሰው። ማታ ሙህዲንን ምን ይሻላል ብዬ ጠየቅኩት። «ወፉማ በልቶ ይሄዳል፤ እዚሁ የምንቀረው እኛ ነን» አለኝ። ከእሱ አፍ ይህን ያህል መስማት ብዙ ነው። በማግስቱ ሽማግሌ እንዲቀመጥልኝ የለመንኩት እኔ ነኝ። ካሳው አይደለም።

ሼህ በድረዲንና አባ ይሁኔ ከካሳው ማማ ሥር ተቀመጡ። ሼህ በድረዲን አንድ ዛላ ቆርጠው በመዳፋቸው አሹና እፍ አሉት። እጃቸው ላይ የቀረ ነገር የለም። ማን ነበር ባለተራው ብለው ጠየቁኝ። ተራው የቤታችን ነው፣ አደራውን የተቀበለው ወንድሜ ነው አልኩ። ረዲ ቪዲዮውን አሳያቸው። ዘፈኑን አጥፋው አሉና ደግመው አዩት። ከዚያ ይህ ልጅ ፊቱን ወዴት ነው ያዞረው አሉ። ወደኛ ማሳ ተባሉ። ጀርባውንስ ሲሉ ሁሉም ወደ ካሳው ማሳ ዞረ።

ፍርዱ አዲስ አይደለም፤ የተበላበት ካልተበላበት ያጭዳል። ከኛ ማሳ የኔ አለ፣ የእማ አለ፣ ከአባታችን ለአንተ የደረሰህ አለ። የትኛው ይታጨድ ብለው ሲጠይቁ በጣቴ ያሳየሁት ያንተን ነው። ከሦስቱ የተሻለውም እሱ ነበር፤ ካይትህ በደንብ ጠብቆታል። ካሳውም እንደ ቸር ሰው እፍኝ ቆርጦ ይበቃኛል አላለም። ማሽላው ሲደርስ ከሚስቱ ጋር ከማለዳ ጀምሮ ገባበት፤ ከምርጡ ጥግ ጀመረ። ነዶውን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። አላመሰገነኝም። አልጠበቅኩምም።

ሽማግሌዎቹ በተነሱበት ሰሞን፣ በቀጣዩ ጁምዓ፣ ዱዓ ልሄድ ወይስ ልቅር እያልኩ ደጅ ቆሜ ሳለሁ አስረሳሽ በፊቴ አለፈች። እንደምን አደርሽ አላለችኝም። ማማችን ላይ ወጥታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጅራፏን አጮኸች። ከመንገዱ በኩል መለሱላት። ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። እሁድ እኔ የእነሱ ላይ ወጣሁ። እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው፤ ሰላምታ የለም፣ ተራ ግን አይጎድልም። ይህን ነው ክሰሺ ብለህ እንዳፈርሰው የምትጠይቀኝ።

አሁን ካይትህ የት እንዳለ ልንገርህ። አራቱን ክሮች ቀጣጥለን ከኛ ማማ እስከ ካሳው ማማ ዘርግተናቸዋል። ጣሳና ቆርኪ አስረንበታል። ከየትኛውም ማማ ቢሳብ በሁለቱም ማሳ ላይ ይንጫጫል። ክርህ አይበጠስም፤ ይህን ያህል ልመስክርልህ። ጨርቁንና የተረፉትን ዘንጎች ካሳው የማማው ጣሪያ አደረጋቸው። እኔም መልስልኝ አላልኩትም። ጥጉ ላይ የጻፍከው ስም ከመንገድ ይነበባል። የሚያልፍ ሰው የሙዓዊያ ማማ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ ካሳው «ገና ነው፤ ሲመጣ ይወጣበታል» ይላል።

ካሳው ይህን ሲል እየቀለደ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ትልቁን ይዤ እመጣለሁ ማለትህን ረዲ ነግሮኛል። ትልቁን እዚያው ባሕሩ ዳር አብርረው። ለማሽላ የምትመጣ ከሆነ ወንጭፉ አባታችን ከሰቀለበት አልወረደም። እሁድ እሁድ የካሳው ማማ ላይ ትወጣለህ፣ ከማለዳ እስኪመሽ፣ ፊትህን ወደ ማሳው አድርገህ። ይህን ካልፈለግክ ማሽላ ወተት ሲይዝ አትምጣ። እማን ማየት ከፈለግክ በጋ ሰፊ ነው።

እማ ሰላም ትልሃለች። አልተቆጣሁትም ብለሽ ጻፊ ብላኛለች፤ ጽፌዋለሁ። ሻርፑን ለዒድ ልታደርገው አስቀምጣዋለች። ሙህዲን ሰላም ብሎሃል፤ ሌላ አልጨመረም። ሀጀራ ከልጄ ከረዲ ጋር አትጣላ በሉልኝ ብላለች፤ እሱ ቪዲዮውን ያሳየው ተጠይቆ ነው። ሼህ በድረዲን ዱዓ አድርገውልሃል። አስረሳሽን ለሙዓዊያ የምትይው አለ ወይ ብዬ በጥንቃቄ ጠየቅኳት፤ ነገሩን ደግሜ መጻፍ አልፈልግም። ካሳውን አልጠየቅኩትም፤ እሱ የሚለውን ጣሪያው ላይ ሰቅሎታል።

ረዲ ከደብዳቤው ጋር አንድ ትንሽ እሽግ ይሰጥሃል። ሁለቱ እጀታዎች ናቸው። ያንተ ስለሆኑ ልኬልሃለሁ። ቋጠሮዎቹን አልፈታሁም፤ ከእያንዳንዱ ላይ ስንዝር የምታህል ክር ቀርታለች። የኔ ማሳ ገና ስላልታጨደ ቀሪው እዚህ ሥራ ላይ ነው።

ታላቅ እህትህ ሀሊሜ

ሮቢት፣ ራያ ቆቦ
ኅዳር ፳፩ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.